የአማት ንጹህ ቤንዚን

ጡረታ ወጣሁ ብዬ እፎይ ልል ነበር። ምን እፎይታ አለ! ጠዋት ጠዋት በሬ ይንኳኳል። ስከፍት አንዱ የሞተር መጋዙን እንደታመመ ልጅ ታቅፎ ቆሟል። «እትዬ ሮማን፣ ጋራንቲ አላት፤ ሱቁ ግን አይሆንም አለኝ።» ሱቁ አይሆንም ካለህ እኔ ምን ላድርግልህ? እኔ እኮ የገዛ ጉልበቴ ጋራንቲው ያለፈበት ሴት ነኝ! እንዲህ እያልኩ እነጫነጭና ወዲያው «በል ግባ፣ ቁጭ በል» እላለሁ። ልማድ ክፉ ነው።

አሁን ሱቁ ውስጥ ያሉት ልጆች ጎበዞች ናቸው፤ አልወቅሳቸውም። የተበላሸውን አውጥተው አዲሱን ይገጥማሉ፣ አለቀ። አንዳንዱ መጋዝ እንዲያውም በባትሪ ይሠራል አሉ፤ ቤንዚን የለ፣ ጭስ የለ። በእኛ ጊዜ ግን መጋዙ ከመከፈቱ በፊት ባለቤቱ መከፈት ነበረበት። እሱ ነው ከባዱ። ይህን ያስተማረኝን ሰውና ከሁሉ ያልረሳሁትን አንድ ጉዳይ ልንገራችሁ።

አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ የመንግሥት ሥራ አምጥቶት እዚህ ቀረ። እኔ ያደግኩት ሐይቁ ዳር ነው። ያኔ ከተማችንን አዋሳ ነበር የምንላት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገብቼ ሞተር ተማርኩ፤ እናቴ «ማን ያገባሻል?» ብላ አለቀሰች፣ አገባሁ። የሞተር መጋዝና የውኃ ፓምፕ አስመጥቶ የሚሸጥ ድርጅት መጀመሪያ አዲስ አበባ ዋናው ወርክሾፕ ቀጠረኝ። ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ከገባ፣ ነገሩም ከተረጋጋ በኋላ እዚህ አዋሳ መሃል ከተማ ላይ ቅርንጫፍ ሲከፈት «አገሬ ነው፣ መልሱኝ» ብዬ መጣሁ። ደመወዙ ወርን ከወር ያገናኝ ነበር፤ ስለ ወረቀቱ ብዛት ባላወራ ይሻላል።

ደንበኛ ይገባና ዙሪያውን ያያል። «ሜካኒኩ የለም?»

«እኔ ነኝ።»

«አይ… ወንዱን ማለቴ ነው።»

«ወንዱ ምሳ በልቶ እስኪመጣ እኔ እጨርስልሃለሁ፤ ወዲህ በል!»

የእኔ ሥራ ጥገና ብቻ አልነበረም። የተበላሸ መጋዝ ሲመጣ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው ወይስ የባለቤቱ ብሎ መፍረድም ነበረብኝ። ጋራንቲው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ገና ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ የተበላሸ ዕቃ ካለው ድርጅቱ በነጻ ይጠግናል። ሰንሰለቱን መሞረድ፣ የአየር ማጣሪያውን ማጽዳት፣ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር በልኩ መቀላቀል ደግሞ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው። ሰው ግን የሚሰማው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። አንዱ ምስማር የሞላበት አሮጌ በር ሲቆርጥ ሰንሰለቱን ጨርሶት መጣ። ሌላው ሰንሰለቱን የሚያለሰልሰው ዘይት አልቆበት የምግብ ዘይት ጨምሮበት ኖሮ «ለሰው የሆነ ለብረት ያንሳል እንዴ?» ብሎ ተከራከረኝ። አንዱማ ተሰርቆበት ባዶ እጁን ነው የመጣው። «ታዲያ ጋራንቲ አላት አላላችሁም?» አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

አስተማሪዬ ጋሽ ማርቆስ ነው፤ ነፍሱን ይማር። የወላይታ ሰው፣ የቸርቻቸው መዘምራን አንጋፋ፤ ቁልፍ ይዞ ሲሠራ በአፍንጫው መዝሙር ያንጎራጉራል። መዝሙሩ ከቆመ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። ካቻቢቴ ከማንሳቱ በፊት የታንኩን ክዳን ከፍቶ ያሸታል። ባለቤቱ በሌለበት መጋዝ ከፍቶ አያውቅም፤ «ሰው የራሱን ጉዳት በዓይኑ ይይ» ይላል። ደግሞ ለባለቤቱ ወንበር ሳይሰጥ ሥራ አይጀምርም። የቆመ ሰው ለጠብ ይመቻል፣ የተቀመጠ ግን ያወራል ባይ ነው።

አንድ ቀን እኔ አንዱን ደንበኛ «ምን አድርገሃት ነው እንዲህ የሆነችው?» ብዬ ሳፋጥጥ ሰማኝና ሰውየው ሲሄድ ጠራኝ።

«ሮሚ፣ ምን አደረግሃት ብለሽ አትጠይቂ። እንደዚያ ካልሽው ይከላከላል። የት ዋለች በይው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ሞክሪውና እዪው።»

ሞከርኩት። «የት ዋለች?» ሲባል ሰው ስለ መጋዙ ሳይሆን ስለ ውሎው ነው የሚያወራው። የት ጫካ እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደነበረ፣ ማን እንደተዋሰው፣ ዝናብ መጥቶ የት እንደጣላት ሁሉ ይዘረግፍልሻል። ጥፋቱ እዚያው ወሬ ውስጥ አለ።

ዱካሞ የመጣው ባጃጅ ከተማውን መሙላት በጀመረበት ሰሞን ነው። ከከተማው ዳር ያለችው የቡሹሎ ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ። መጋዟን የገዛው በሬውን ሸጦ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ የገዛ ዕለት «በሬዬ ቤንዚን ሊጠጣ ነው» ብሎ አስቆን ነበር። በዚያ ሰሞን ደግሞ ለአንድ የሕንጻ ተቋራጭ የባሕር ዛፍ አጣና ሊያቀርብ ተዋውሏል። ዝናቡ ሳይገባ ካላደረሰ ውሉ ይፈርሳል፤ በሬም የለ፣ ሥራም የለ።

መጋዟን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ንጹህ ናት። እንጨት ሲቆርጥ የሰነበተ መጋዝ የእንጨት ብናኝና ዘይት ተጋግሮበት ነው የሚመጣው፤ ይቺ ግን ታጥባ፣ ተወልውላ፣ የሙሽራ ጫማ መስላለች። ጋሽ ማርቆስ ወንበር ሳበለት።

«የት ዋለች?»

«ለቅሶ ቤት» አለ ዱካሞ።

«ማን ቆረጠባት?»

ዱካሞ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ጋሽ ማርቆስ አልገፋበትም። የታንኩን ክዳን ከፈተና አሸተተ። መዝሙሩ ቆመ። እሳት የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈታ፤ ደረቅ ነው። የጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታውን፣ አወጣና በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ አየ፣ ከዚያ መብራቱን ለእኔ አቀበለኝ። ፒስተኑ ጎን ላይ ድመት የቧጨረችው የሚመስል ጭረት፣ ከላይ እስከ ታች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። መጋዝ እንደ መኪና ለብቻው የሞተር ዘይት የለውም። ሞተሩ የሚለሰልሰው ቤንዚኑ ውስጥ በተቀላቀለው ዘይት ብቻ ነው። ዘይት የሌለው ቤንዚን ሲሰጠው ይነሳል፣ ይጮኻል፤ ለትንሽ ጊዜ እንዲያውም ከወትሮው የበረታ ይመስላል። ከዚያ ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሰውና ጸጥ ይላል።

ጋሽ ማርቆስ ከታንኩ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣለ። ተነነች። ወረቀቱ ላይ ምንም አልቀረም። ዘይት ቢኖርበት የቅባት ምልክት ይተው ነበር።

«ዱካሞ፣ ይሄ ቤንዚን ዘይት አልቀመሰም።»

«አውቃለሁ።»

እኔ ፈነዳሁ። «ታውቃለህ? እያወቅህ ነው የቀዳህባት? ምን ነካህ አንተ ሰው! የዛሬ ስንት ጊዜ እዚሁ ቆሜ አላሳየሁህም?» ጋሽ ማርቆስ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። የሠራተኛ ጫማው ከባድ ነበር።

«እኔ አልቀዳሁም» አለ ዱካሞ፣ ወለሉን እያየ። «የባለቤቴ አባት ናቸው።»

ከዚያ ቀስ እያለ ወጣለት። ጎረቤት ሞተ፤ እድሩ ለለቅሶ ቤቱ ማገዶ ፈለገ። የሚስቱ አባት አቶ ሀመሶ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሽማግሌ፣ መጥተው መጋዟን ጠየቁት። ለለቅሶ የተጠየቀ ዕቃ አይከለከልም፤ ለአማት ደግሞ ጭራሽ። መጋዟንም የተቀላቀለውን ነዳጅም ሰጣቸው። ታጥባ፣ ታንኩ ሞልቶ ተመለሰች። በማግስቱ ሥራ ገባ፤ ሁለተኛው ዛፍ ላይ ሞተች። ታንኩን ሲከፍት እንደ ውኃ የጠራ ቤንዚን። ያኔ ገባው።

«ሄደህ አልነገርካቸውም?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ፤ እንደ እብድ ነው ያየኝ። «እትዬ፣ የሚስት አባት ‹አበላሹብኝ› ይባላል? እኔ እኮ ማዕድ ላይ እንኳ ቀና ብዬ አላያቸውም።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፋብሪካው ነው ያበላሸው ቢባል… ለበሬዬ ብቻ ብዬ አይደለም። እሳቸው እንዳይሰሙ ነው» አለ።

አንጀቴን በላው። ተነስቼ ነገሩን ለአለቃችን ልነግር ሄድኩ።

አለቃችን አቶ ጌታሁን ልባቸው ቀና ሰው ነበሩ። ሁሉንም ሰምተው አገጫቸውን አሹ። «ፋብሪካ አበላሸው ብለን መጻፍ አንችልም፤ ፒስተኑ አብሮ ይሄዳል፣ አዲስ አበባም ዓይን አለው። እውነቱን ጽፈን እንለምን» አሉ። ፒስተኑን ከሲሊንደሩ ጋር በአውቶቡስ ላክን። በስልክ የተከራከርኩት እኔ ነኝ። ሰውየው አዋቂ ነው፣ በሬውን ሸጦ የገዛት ናት፣ ቤተሰብ አለው፣ ለቅሶ ቤት ነው የዋለችው፤ ያላልኩት የለም። ዋናው ወርክሾፕ ያለው መሐንዲስ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ በትዕግሥት ሰማኝ።

«ሮማን፣ ገብቶኛል» አለ። «ግን የባለቤት ኃላፊነት የሆነውን ለዚህ ሰው ካለፍን፣ ነገ የሚመጣውን ምን ብለን እንከለክላለን?»

ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ነው ያቃጠለኝ። ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ በንዴት። በሥራ ዘመኔ ብዙ ማሽን ሞቶብኛል፣ እንደዚያ ቀን ግን የተሸነፍኩበት የለም። ፒስተኑ ተመለሰ፤ ጋራንቲው አይሸፍንም የሚለው መልስም አብሮት መጣ። ለዱካሞ ስነግረው «እሺ» ብቻ አለ። ተቋራጩ ሌላ ሰው ሊፈልግ እንደሆነ ልኮበታል። አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር የሚገዛበት አቅም የለውም። ለአማቱ ግን አሁንም ትንፍሽ አላለም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የከረረው። አቶ ሀመሶ የልጃቸው ባል ቤት ተኝቶ ሲውል ያያሉ፤ ልጃቸውን ይጠይቃሉ። እሷ የምታውቀው ባሏ የነገራትን ብቻ ነው፦ መጋዟ ተበላሸች፣ ሱቁ በጋራንቲ አልጠግንም አለ። ሽማግሌው ተቆጡ። ከዘራቸውን ይዘው መጡብን፤ ዱካሞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

ጋሽ ማርቆስ ወንበር አቀረበ። አቶ ሀመሶ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

«ምስክር ልሆን ነው የመጣሁት» አሉ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃል በቃል ይመርጣሉ። «ይሄ ልጄ ማሽኑን እንደ ዓይኑ ነው የሚይዘው። እኔ ለለቅሶ ወስጄ ነበር። ነዳጁን ሳየው ዘይት አለበት፤ እጄን አሟለጨኝ። እነዚህ ነዳጅ የሚቸረችሩ ሌቦች ልጄን ባዕድ ነገር ቀላቅለው ሸጡለት አልኩ። ደፋሁት። እዚህ ከተማ ድረስ በእግሬ መጥቼ፣ ከማደያው፣ ንጹህ ቤንዚን ገዛሁለት። አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም! ሥራውን ስጨርስ ማሽኑን በእጄ አጥቤ፣ ታንኩን ሞልቼ መለስኩ። ይሄ ሀላሌ ነው።»

ሀላሌ ሲዳማ እውነት የሚለው ነው፤ ሽማግሌ ሀላሌ ብሎ ከተናገረ ቃሉ ላይ ቃል አይጨመርም።

«እንግዲህ ልጄ አላጠፋ፣ እኔ አላጠፋሁ» አሉና ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «ጥፋቱ የናንተ ነው!»

አቶ ጌታሁን ጣሪያውን ያያሉ። ዱካሞ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ይለዋል። እኔ ምላሴን ነክሼ ይዤዋለሁ፤ እሳቸው በኩራት የሰጡን ምስክርነት በራሳቸው ላይ የቀረበ ሙሉ ክስ ነበር። ልናገር ስል ጋሽ ማርቆስ ዓይኑን አፈጠጠብኝ፤ እግሬንም ወደ ኋላ ሳብኩ።

«አባቴ» አለ ጋሽ ማርቆስ፣ «እውነትዎን ስለነገሩን እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ነገር ላሳይዎት ይፈቅዱልኛል?»

ሌላ መጋዝ አመጣ፤ አዲስ። ፊታቸው ላይ ቤንዚን ቀዳ፣ ከዚያ ምልክት ባለበት ጠርሙስ ዘይት ለክቶ ጨመረበት።

«ምን ታደርጋለህ!» ብለው ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እናንተም ታጭበረብራላችሁ?»

«የለም አባቴ። ይቺ ማሽን ዘይቷን የምታገኘው በዚህ በኩል ብቻ ነው። ሌላ አፍ የላትም።» ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ጠብታ ጣለ፤ አንዱን ከንጹሁ፣ አንዱን ከተቀላቀለው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። አንደኛው ጠፋ። ሁለተኛው ቅባቱን ትቶ ቀረ። ከዚያ ጋሽ ማርቆስ ከአዲስ አበባ የተመለሰውን ፒስተን እጃቸው ላይ አስቀመጠላቸው፤ አንድም ቃል አልጨመረም።

አቶ ሀመሶ በአውራ ጣታቸው ጭረቱን ዳሰሱ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ውጪ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል፤ እነሆ እዚያ ጠረጴዛ ፊት አንድ ትልቅ ሰው ሲገባው አየሁ፣ አይግጠማችሁ። ቀስ ብለው ወደ ዱካሞ ዞሩና በሲዳምኛ ተናገሩት። እዚሁ ያደግኩ ነኝና ሰማሁ።

«ታውቅ ነበር?»

ዱካሞ «አዎ» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አባቴ ነዎት።»

«ሞተሩ እንኳ ጮኾ ነው የሞተው» አሉት። «አንተ ዝም ብለህ ልትሞት ነበር?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ለእሱ አስያዙትና የሞተችውን መጋዝ ከጠረጴዛው አንስተው ትከሻቸው ላይ አደረጓት። ዱካሞ ደነገጠ፤ አማት ሲሸከም የልጅ ባል ባዶ እጁን መሄድ ነውር ነው። ሮጦ ሊቀበላቸው ሲል በክርናቸው ገፉት። «ተው! ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የምሸከመው እኔ ነኝ።» በሩ ላይ ባጃጅ ቆሞ «አባ፣ ላድርስዎ» ቢላቸው እምቢ አሉ። እስከ ቡሹሎ በእግራቸው ሄዱ። ቡሹሎ የሚኖር አንድ ባልደረባችን በኋላ እንደነገረን፣ መንገድ ላይ «ምን ሆነው ነው?» ላላቸው ሁሉ ቆመው ነገሩት፦ የልጄን ማሽን በንጹህ ቤንዚን ገደልኩት።

ወሬው እድሩ ደረሰ። ሽማግሌው ብቻቸውን ዕዳ ሊሸከሙ እንደሆነ ሲሰማ «በዚያ እሳት የሞቀ ሁሉ አለበት» ተባለ፣ ሰውም ለአዲሱ ፒስተን መግዣ አዋጣ። ተቋራጩ ጋ ደግሞ አቶ ሀመሶ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሄዱ። ሽበት ደጅህ ቆሞ ሲለምንህ እምቢ በል እስቲ! ጥቂት ቀን ጠበቀላቸው።

እኔም ከዚያ ወዲያ መጋዝ ሳስረክብ አዲስ ልማድ አወጣሁ። ባለቤቱን ብቻ አላስተምርም። «መጋዟን ማን ይዋስሃል?» እለዋለሁ። ወንድሜ ካለ ወንድሙን፣ የእድሩ ዳኛ ካለ የእድሩን ዳኛ ይዞ ይመጣል። ገዢዎቹ ይስቁብኝ ነበር፤ «እትዬ ሮማን መጋዝ ስትሸጥ ሠርግ ትጠራለች» ይሉኛል። ይበሉ። ባለቤት ማለት ለእኛ አገር አንድ ሰው አይደለም፣ ይህን ጋራንቲውን የጻፉት ሰዎች ከየት ያውቁታል?

አዲሱ ፒስተን የተገጠመ ዕለት ሁለቱም አብረው መጡ። ጋሽ ማርቆስ በአፍንጫው እያንጎራጎረ ገጣጠመ። ነዳጅ መቀላቀል ሲቀር ዱካሞ ጀሪካኑን አንስቶ አማቱ ፊት አስቀመጠው፣ ጠርሙሱንም አቀበላቸው። አቶ ሀመሶ ቤንዚኑን ቀዱ። ዘይቱን ማፍሰስ ጀመሩ። የዛሬው ፍርሃታቸው ዘይት እንዳያንስ ነው። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ምልክት አለፉት። ሌላም ጨመሩ። እኔ አየሁ፣ ጋሽ ማርቆስም አየ፤ መዝሙሩ ቆመ። እሳቸውን አላስቆምንም። ዱካሞን ነው የምናየው።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ተመለሰ።

«አባቴ» አለ በመጨረሻ፣ በማይሰማ ድምፅ። «በዛ።»

ሽማግሌው እጃቸውን አቆሙ። «ምን አልክ?»

«ዘይቱ በዛ፣ አባቴ።»

አቶ ሀመሶ ጠርሙሱን አስቀመጡ። በዘይታማ እጃቸው የዱካሞን ራስ ሳቡና ግንባሩን ሳሙት፤ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«እስከ የት ልቀንስ?» አሉ። «ንገረኝ።»

ነገራቸው።